ዴቢያን 13 ላይ የቆየ እጅ የሚስታቸው ነገሮች፦ ለጅማ ሰርቨር ጠባቂዎች ዝርዝር መመሪያ

ሰርቨር የሚጠብቅ ሰው ግማሹን ሥራ የሚሠራው በልማድ ነው። ሎግ ማየት ሲፈልግ ጣቱ ራሱ ወደ /ቫር/ሎግ ይሄዳል፤ ማን ገብቶ እንደወጣ ለማወቅ «ላስት» ይላል፤ ባካፑን ለጊዜው ብሎ /ቴምፕ ውስጥ ይጥላል። በፈረንጆቹ ኦገስት 9፣ 2025 (ነሐሴ 3 ቀን 2017) የወጣው የሊኑክስ ሲስተም፣ ዴቢያን 13 (በቅጽል ስሙ ትሪክሲ)፣ ከነዚህ ልማዶች ጥቂቶቹን አፍርሷል። «እንዲህ የሚባል ኮማንድ የለም» ብሎ የሚጮኸው ለውጥ ብዙም አያስጨንቅም፤ መተኪያው ተፈልጎ ይገኛል። የሚጎዳው ዝም ብሎ የሚያልፈው ነው። ዛሬ ሁሉም ነገር ይሠራል፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ መብራት ሄዶ ሲመጣ ግን ቢሮው በሙሉ ኢንተርኔት አጥቶ ይገኛል። ስለዚህ እዚህ ብዙ ቦታ የሰጠነው ለዝምተኞቹ ነው።

መመሪያው የታሰበው ጅማ ውስጥ አንድ ወይም ሁለት ሰርቨር በቢሮ ጥግ ላስቀመጡ ነው፤ ክሊኒክ፣ ትምህርት ቤት፣ የቡና መጋዘን፣ የሒሳብ ቢሮ። ኮማንዶቹን በአፍ እንደምንጠራቸው በአማርኛ ፊደል ጽፈናቸዋል፤ ተርሚናል ላይ እንደተለመደው በላቲን ሆሄ ይተየባሉ።

ጥድፊያ የለም። ዴቢያን 12 መደበኛውን የደኅንነት ድጋፍ የሚያገኘው እስከ ጁን 2026 ነው፤ ከዚያ በረጅም ጊዜ ድጋፍ እስከ ጁን 2028 ይቆያል። ቡና የሚረከብ ድርጅት በጥቅምትና በጥር መካከል፣ ሚዛኑ ሲሠራ በሚውልበት ሰሞን ሰርቨሩን ባይነካ ይሻላል። ለትምህርት ቤት ደግሞ የፈተና ውጤት የሚሞላበት ሳምንት ክልክል ነው።

መጀመሪያ የሚታዩ ነገሮች

«ዲፒኬጂ --ፕሪንት-አርክቴክቸር» በሉ። መልሱ አይ386 ከሆነ እዚያው አቁሙ፤ ዴቢያን 13 ለ32 ቢት ማሽን ከርነልም (የሲስተሙ እምብርት) ኢንስቶለርም (መጫኛ) የለውም። አሮጌ ዴስክቶፕ ሰርቨር ሆኖ በሚያገለግልበት ቤት ይህ ብርቅ አይደለም። ብዙ ጊዜ ማሽኑ ራሱ 64 ቢት ይችላል፣ የተጫነው ሲስተም ነው 32 የሆነው፤ «ኤልኤስሲፒዩ» ይነግራችኋል። እንዲህ ከሆነ አፕግሬዱን ትታችሁ ኤኤምዲ64ን፣ ማለትም የ64 ቢቱን፣ ከባዶ ጫኑ።

ያላችሁ ዴቢያን 11 ከሆነ በቀጥታ ወደ 13 መዝለል አይቻልም፤ በ12 በኩል ይታለፋል።

/ቡት ለብቻው ክፍልፍል ከሆነ መጠኑ ቢያንስ 768 ሜጋባይት፣ ባዶው ቦታም 300 ሜጋባይት ገደማ መሆን አለበት። ከ768 በታች ሆኖ በቆየ ዲስክ ላይ አዲሱ ከርነል እየተጻፈ መሃል ላይ ቦታ ያልቅበታል፤ ከዚያ በኋላ ማሽኑ መነሳቱን እርግጠኛ መሆን አይቻልም። «ዲኤፍ -ኤች /ቡት» አንድ ሴኮንድ ነው።

ባካፑ ከማሽኑ ውጭ ይቀመጥ፦ ሙሉው /ኢቲሲ፣ /ቫር/ሊብ/ዲፒኬጂ፣ /ቫር/ሊብ/አፕት/ኤክስቴንድድ_ስቴትስ፣ የ«ዲፒኬጂ --ጌት-ሴሌክሽንስ» ውጤት፣ የዳታቤዙ ደምፕ (ይዘቱ በሙሉ ወደ ፋይል የወጣበት ቅጂ)። ደምፑን ሌላ ማሽን ላይ ጭናችሁ አንድ ሠንጠረዥ ክፈቱ። ተከፍቶ ያልታየ ደምፕ ባካፕ አይባልም።

መብራትና ዳታቤዝ

ብዙዎች የሚዘሉት ይህን ነው፤ መብራት ሲመላለስ ለሚውልበት ቢሮ ግን ከሁሉም የከፋው ይኸው ነው። ማሪያዲቢ የሚባለው ዳታቤዝ በዴቢያን 12 ላይ 10.11 ነው፤ በ13 ላይ 11.8 ይሆናል። ዳታቤዙ በትክክል ሳይዘጋ መብራት ከጠፋበት፣ ያልተጠናቀቀውን ሥራ ከሎጉ አንብቦ የሚያስተካክለው ያው የነበረው ቨርዥን ብቻ ነው። የ10.11ን ስብራት 11.8 አይጠግንም። ማሪያዲቢ መብራት ሄዶበት ቆሞ እያለ «መቼም ልናሳድገው ነው» ብሎ አፕግሬዱን መጀመር ዳታውን ለአደጋ መስጠት ነው።

ስለዚህ፣ ገና ዴቢያን 12 ላይ እያላችሁ፦

ማሪያዲቢን ሪስታርት አድርጉት። «ጆርናልሲቲኤል -ዩ ማሪያዲቢ» ብላችሁ የመጨረሻውን አነሳስ አንብቡ። «ስታርቲንግ ክራሽ ሪከቨሪ» የሚል መስመር ካለ፣ ያለፈው መዘጋት ንጹሕ አልነበረም፤ ጥገናው እስኪያልቅ ጠብቁና እንደገና ሪስታርት አድርጉ። ሁለተኛው አነሳስ ላይ ያ መስመር መታየት የለበትም። ከዚያ ደምፑን አውጡ፤ ስክሪፕታችሁ ውስጥ በድሮው ስም ፋንታ «ማሪያዲቢ-ደምፕ» ብላችሁ ጻፉት። በመጨረሻ «ሲስተምሲቲኤል ስቶፕ ማሪያዲቢ» ብላችሁ በራሳችሁ እጅ ዝጉት፣ ከዚያ አፕግሬዱን ጀምሩ።

ሰርቨሩ ዩፒኤስ ላይ ይሁን። ባትሪው የቆየ ከሆነ በወረቀት ላይ ያለው ደቂቃ አያስተማምንም፤ ከቀናት በፊት ገመዱን ከግድግዳ ነቅላችሁ ምን ያህል እንደሚቆይ ለኩት። ጀኔሬተር ያለው ቢሮ ከመጀመሩ በፊት ነዳጁን ይይ።

አፕግሬዱ

አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ በኤስኤስኤች (ከርቀት ማሽን ውስጥ መግቢያው) ጅማ ያለን ማሽን ማሳደግ ይቻላል፤ የማይነሳ ቀን ግን 350 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ አለ። ስክሪንና ኪቦርድ የተሰካበት ማሽን ፊት አንድ ሰው ይቀመጥ። ይህ ሰው ሊኑክስ ማወቅ የለበትም፤ ሲበራ የሚመጣውን ሰማያዊ ወይም ጥቁር ዝርዝር፣ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» የሚለውን መስመርና የቀስት ቁልፎቹን ካወቀ በስልክ እየተመራ አሮጌውን ከርነል ሊያስነሳ ይችላል። ቀደም ብላችሁ አንድ ጊዜ አለማምዱት።

1. ዴቢያን 12ን እስከ መጨረሻው አድሱ፦ «አፕት አፕዴት»፣ ቀጥሎ «አፕት ፉል-አፕግሬድ»። በርቀት የምትሠሩ ከሆነ ይህ ደረጃ አይዘለልም፤ የቆየው የኤስኤስኤች ሰርቨር በአፕግሬዱ መሃል አዲስ ግንኙነት አልቀበልም ሊል ይችላል፣ መድኃኒቱ የመጣው በዴቢያን 12 በራሱ እድሳት ነው።

2. «አፕት-ማርክ ሾውሆልድ» እና «ዲፒኬጂ --ኦዲት» በሉ። ሁለቱም ባዶ መመለስ አለባቸው። የታሰረ ፓኬጅ ካለ ለምን እንደታሰረ አስታውሱና ፍቱት።

3. ከዴቢያን ውጭ የመጡ ሪፖዚተሪዎችን (የፓኬጅ ምንጮችን) እና ባክፖርትስን (ለቆየው ቨርዥን የተዘጋጁ አዳዲስ ፓኬጆችን) ዝጉ። ለፒኤችፒ ወይም ለዶከር የጨመራችሁት ካለ በኋላ በ13 ስም ይመለሳል። «አፕት-ኪይ» ከ13 ወጥቷል፤ ቁልፎቹ /ኢቲሲ/አፕት/ኪይሪንግስ ውስጥ ይቀመጡና የሪፖዚተሪው ፋይል ውስጥ «ሳይንድ-ባይ» በሚለው መስመር ይጠራሉ።

4. በሶርስስ.ሊስት ውስጥ «ቡክወርም» (የዴቢያን 12 ስም) የሚለውን ሁሉ «ትሪክሲ» አድርጉ፤ የሴኩሪቲውና የአፕዴትሱ መስመር እንዳይረሳ። ከዚያ «አፕት አፕዴት»።

5. አሁን አትጫኑ፤ አውርዱ ብቻ። «አፕት -ዲ ፉል-አፕግሬድ» ፓኬጆቹን /ቫር/ካሽ/አፕት/አርካይቭስ ውስጥ ያጠራቅማል። ኢንተርኔቱ ቢቆራረጥ ደግማችሁ ስትሉት ካቆመበት ይቀጥላል። ይህን ቀን ላይ አድርጉት፣ መጫኑን ማታ። ያኔ መጫኑ ኢንተርኔት አይጠብቅም፤ ለአደጋ የተጋለጠው ሰዓትም ያጥራል። ሁለትና ከዚያ በላይ ሰርቨር ያለው ቢሮ አንዱ ላይ «አፕት-ካቸር-ኤንጂ» ቢጭን (ፖርቱ 3142 ነው) ያው ፓኬጅ ሁለት ጊዜ አይወርድም።

6. «ቲመክስ» ውስጥ ግቡ። ላፕቶፓችሁ ቢዘጋ ወይም ዋይፋዩ ቢጠፋ አፕግሬዱ አይቆምም፤ ተመልሳችሁ «ቲመክስ አታች» ስትሉ ካለበት ታገኙታላችሁ።

7. በሁለት እርምጃ ጫኑ። መጀመሪያ «አፕት አፕግሬድ --ዊዝአውት-ኒው-ፒኬጂኤስ»፣ ከዚያ «አፕት ፉል-አፕግሬድ»። ሁለተኛውን «ይሁን» ከማለታችሁ በፊት ሊጠፉ ነው የሚላቸውን ዝርዝር አንብቡ። ዌብ ሰርቨሩ ወይም ዳታቤዙ በሚጠፉት ውስጥ ካለ እንቢ በሉና ምክንያቱን ፈልጉ።

የኮንፊግ ፋይል ሲለያይ ይጠይቃችኋል። «ዲ» ልዩነቱን ያሳያል፤ «ኤን»፣ ወይም ዝም ብሎ ኢንተር፣ የእናንተን ያስቀራል። በማታ ድካም ሁሉንም ኢንተር ብትሉ አይከፋም፤ በማግስቱ ግን /ኢቲሲ ውስጥ በ«.ዲፒኬጂ-ዲስት» የሚያልቁትን ፋይሎች ፈልጋችሁ ከእናንተው ጋር አስተያዩ።

8. ሪስታርት ከማድረጋችሁ በፊት የኔትወርክ ካርዱን ስም ፈትሹ። በአንዳንድ ማሽኖች ስሙ በ13 ላይ ይለወጣል፤ የተለወጠ ቀን ማሽኑ ይነሳል፣ አይፒ ግን የለውም። «ዩዴቭኤዲኤም ቴስት-ቢልቲን ኔት_ሴትአፕ_ሊንክ» ብላችሁ የካርዱን /ሲስ/ክላስ/ኔት አድራሻ ስትሰጡት ሲነሳ የሚሰጠውን ስም ይነግራችኋል። ካልተስማማ /ኢቲሲ/ኔትወርክ/ኢንተርፌስስ ውስጥ አዲሱን ስም አስገቡ። ዲስኩ የተመሰጠረ ከሆነ «ሲስተምዲ-ክሪፕትሴትአፕ» የሚባለው ፓኬጅ መጫኑንም እዩ።

መብራቱ መሃል ላይ ከሄደና ዩፒኤሱ ካልበቃ፣ ሲነሳ «ዲፒኬጂ --ኮንፊገር -ኤ»፣ ቀጥሎ «አፕት --ፊክስ-ብሮክን ኢንስቶል»፣ ከዚያ ፉል-አፕግሬዱን ድገሙት። አዲሱ ከርነል ካልነሳ በአሮጌው ግቡና «አፕዴት-ኢኒትራምኤፍኤስ -ዩ -ኬ ኦል» እና «አፕዴት-ግረብ» በሉ።

ዝምተኞቹ

*ሲስሲቲኤል።* የከርነሉ ቅንብሮች የሚስተካከሉት በዚህ ነው። ሰርቨራችሁ ለቢሮው ኢንተርኔት የሚያካፍል ከሆነ /ኢቲሲ/ሲስሲቲኤል.ኮንፍ ውስጥ አይፒ_ፎርዋርድን 1 የሚያደርግ መስመር ይኖራል። ዴቢያን 13 ሲነሳ ይህን ፋይል አያነብም። ስህተትም አይጽፍም። ጉዱ እዚህ ላይ ነው፦ «ሲስሲቲኤል -ፒ» ስትሉ ኮማንዱ ራሱ ፋይሉን ያነበዋል፣ ሁሉም ይሠራል፣ ተፈታ ብላችሁ ትሄዳላችሁ። በሚቀጥለው መብራት ማሽኑ ሲነሳ ዋጋው 0 ነው።

መስመሮቹን /ኢቲሲ/ሲስሲቲኤል.ዲ ውስጥ 60-ቢሮ.ኮንፍ በመሰለ ፋይል አዛውሩ። መጨረሻው «.ኮንፍ» ካልሆነ እሱንም ዝም ብሎ ይዘለዋል። ሲፈተሽ በ«-ፒ» አይፈተሽም፤ ዋጋውን በእጃችሁ 0 አድርጉት፣ «ሲስተምሲቲኤል ሪስታርት ሲስተምዲ-ሲስሲቲኤል» በሉ፣ ከዚያ /ፕሮክ/ሲስ/ኔት/አይፒቪ4/አይፒ_ፎርዋርድን አንብቡ። 1 ካለ ሲነሳም 1 ይሆናል።

*/ቴምፕ።* ከ13 ጀምሮ /ቴምፕ ያለው ዲስክ ላይ ሳይሆን ራም ውስጥ ነው፤ ጣሪያው የራሙ ግማሽ ነው። 4 ጊጋባይት ራም ያለው ማሽን ላይ 2 ጊጋ ማለት ነው። ደምፑን /ቴምፕ ውስጥ አውጥቶ፣ ጨምቆ፣ ወደ ውጭ ዲስክ የሚልክ የድሮ ስክሪፕት እዚህ ይወድቃል። የባሰው ግን አወዳደቁ ነው፦ ደምፑ 2 ጊጋ ላይ ይቆረጣል፣ ስክሪፕቱ ስህተት የማይጠብቅ ከሆነ የተቆረጠውን ፋይል በሰላም ይልከዋል። ስሙም ቀኑም ልክ ነው፤ ውስጡ ግማሽ ነው። የባካፕ ስክሪፕቶቻችሁን ከፍታችሁ /ቴምፕ የሚለውን ሁሉ /ቫር/ባካፕስ አድርጉት፤ ራስጌያቸው ላይም «ሴት -ኢዩ -ኦ ፓይፕፌል» ይግባ፣ አንዱ ሲወድቅ ሁሉም እንዲቆም።

በዌብ የሚላክ ፋይልም መጀመሪያ የሚያርፈው /ቴምፕ ላይ ነው። ስካን የተደረገ የታካሚ ካርድ የሚጭን ክሊኒክ ይህ ራሙን እንደሚበላ ይወቀው። ወደ ድሮው መመለስ የፈለገ «ሲስተምሲቲኤል ማስክ ቴምፕ.ማውንት» ብሎ ሪስታርት ያድርግ፤ ራሙ 2 ጊጋ ለሆነ ማሽን እኛም ይህን እንመርጣለን። በአፕግሬዱ ጊዜ /ቴምፕ ውስጥ የነበረ ፋይል የጠፋ ቢመስል ዲስኩ ላይ ከሥር ተሸፍኖ ነው፤ «ማውንት --ባይንድ / /ኤምኤንቲ» ብላችሁ /ኤምኤንቲ/ቴምፕ ውስጥ እዩት።

ከባዶ በተጫነ 13 ላይ አንድ ተጨማሪ አለ፦ /ቴምፕ ውስጥ 10 ቀን፣ /ቫር/ቴምፕ ውስጥ 30 ቀን የቆየ ፋይል ራሱ ይጠረጋል። ከ12 ያደገው ማሽን ላይ መጥረጊያው አይሠራም። አንድ ቢሮ ውስጥ ያሉ ሁለት ዴቢያን 13ዎች በዚህ ሊለያዩ ይችላሉ።

*ሎግ።* እዚህም ያው ልዩነት አለ። ከ12 ጀምሮ አዲስ ሲጫን አርሲስሎግ (ሎጉን በፋይል የሚጽፈው) አብሮ አይመጣም፤ ስለዚህ /ቫር/ሎግ/ሲስሎግም ኦውዝ.ሎግም የለም። ከድሮ እያደገ የመጣ ማሽን ላይ ግን አሁንም አሉ። በሁለቱም ላይ የሚሠራው ጆርናልሲቲኤል ስለሆነ እጅን እሱ ላይ ማስለመድ ነው። «-ኤፍ» እየተከታተለ ያሳያል፤ «-ዩ» ከሰርቪሱ ስም ጋር ያንን ብቻ፤ «-ፒ ኢአርአር -ቢ» ከተነሳ ወዲህ ያለውን ስህተት ብቻ።

ለእኛ በጣም የሚጠቅመው «-ቢ -1» ነው፤ ያለፈውን ዙር ያሳያል። «ጆርናልሲቲኤል -ቢ -1 -ኢ» ብላችሁ የመጨረሻዎቹን መስመሮች ተመልከቱ። ሰርቪሶች አንድ በአንድ ሲቆሙ፣ ዲስኮች ሲነቀሉ ከታየ ማሽኑን ያጠፋው ሰው ወይም ኮማንድ ነው። መስመሮቹ በመደበኛ ሥራ መሃል ድንገት ካለቁ መብራት ነው፣ ወይም ፓወር ሰፕላዩ። «መብራት ነው» እና «ማን ነካው» የሚለው የጠዋት ክርክር በዚህ ያልቃል።

ፌይል2ባን (ደጋግሞ ለመግባት የሚሞክርን የሚያግደው) ያላችሁ፣ ኦውዝ.ሎግ በሌለበት ማሽን ላይ ባክኤንዱን «ሲስተምዲ» አድርጉት፤ አለዚያ የሚያነበው ፋይል አጥቶ አይነሳም።

*ፒኤችፒ።* ከ8.2 ወደ 8.4 ያልፋል። የድሮው ፒኤችፒ.አይኤንአይ /ኢቲሲ/ፒኤችፒ/8.2 ውስጥ ይቀራል፤ አዲሱ በ8.4 ሥር ባዶ ልማዱን ይዞ ይመጣል፣ የፋይል መጫኛ ጣሪያው 2 ሜጋባይት ነው። ትናንት 20 ሜጋ ይቀበል የነበረ ሲስተም ዛሬ እንቢ የሚለው ለዚህ ነው። ፋይሉን ሙሉ አትቅዱ፤ የለወጣችኋቸውን መስመሮች ብቻ አዛውሩ። አፓቼ ላይ የ8.2ን ሞጁል አጥፍቶ የ8.4ን ማብራትም በእጅ ነው።

ጮክ ብለው የሚናገሩት

«ላስት»፣ «ላስትቢ» እና «ላስትሎግ» በነበሩበት ፓኬጅ ውስጥ የሉም። ደብሊውቲኤምፒዲቢንና ሊብፓም-ደብሊውቲኤምፒዲቢን ስትጭኑ «ላስት» ይመለሳል፤ ለላስትሎግ ላስትሎግ2 አለ፣ ያልተሳካ ሙከራ ለማየት «ኤልኤስሎጊንስ --ፌይልድ»። በዲኤስኤ ቁልፍ የሚገባ ሰው ወይም ስክሪፕት ካለ በሩ ተዘግቶበታል፤ ከአፕግሬዱ በፊት ኢዲ25519 ቁልፍ አስገቡለት። «ፒፕ ኢንስቶል» በሲስተሙ ላይ ከ12 ጀምሮ እንቢ ይላል፤ በ«ፓይተን3 -ኤም ቬንቭ» ለፕሮጀክቱ የራሱን ቤት ሥሩለት። የሶርስስ.ሊስትን አጻጻፍ ወደ አዲሱ መልክ «አፕት ሞደርናይዝ-ሶርስስ» ራሱ ይቀይረዋል፣ አሮጌውንም ያስቀምጥላችኋል።

የሌሊት ሥራ

ክሮን (ሥራን በሰዓቱ የሚያስጀምረው) አልጠፋም፤ የቆየው ክሮንታብ እንዳለ ይሠራል። ነገር ግን ክሮን ሰዓቱ ሲደርስ ማሽኑ ጠፍቶ ከነበረ ሥራውን ይረሳዋል፤ ሌሊት መብራት የሄደ ቀን ባካፕ የለም ማለት ነው። የሲስተምዲ ታይመር ላይ «ፐርሲስተንት=ትሩ» የሚል አንድ መስመር ሲጨመር ያመለጠውን ሥራ ማሽኑ እንደተነሳ ይሠራዋል። ባካፑን ወደዚህ አዛውሩት። ሰርቪስ ፋይሉ ስክሪፕቱን ይጠራል፤ በዚያው ስም «.ታይመር» ብሎ የሚያልቀው ፋይል ውስጥ ደግሞ እነዚህ ሁለት መስመሮች ይገባሉ፦

ኦንካሌንደር=*-*-* 02:00:00
ፐርሲስተንት=ትሩ

02:00 ያልነው ከሌሊቱ 8 ሰዓትን ነው። በእኛ አቆጣጠር አስቦ 08:00 የጻፈ ሰው ባካፑን ያስጀመረው ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ ሠራተኛው ኮምፒውተሩን ሲከፍት ነው። «ታይምዴትሲቲኤል» ዞኑን አዲስ አበባ ካላለ ደግሞ 02:00 ከሌሊቱ 11 ሰዓት ሊሆን ይችላል፤ ማሽኑ በዩቲሲ ተትቶ ከሆነ ልዩነቱ ልክ 3 ሰዓት ነው። ካበራችሁት በኋላ «ሲስተምሲቲኤል ሊስት-ታይመርስ» በሉና የሚቀጥለውን ሰዓት አንብቡ።

አሮጌውን ከርነል አሁን አታጥፉት። አዲሱ ሁለት ጊዜ በሰላም ከተነሳ፣ አንዱን ጊዜ እንኳ ዩፒኤሱ ተነቅሎ በትክክል ዘግቶ ከተነሳ በኋላ፣ ያኔ ማጥፋት ይቻላል።